የደጅ ነፊ

ሲምታራ መንደር ውስጥ ሰንተ ቢር ሰሃናዩን ሳይነፋላት ከአባቷ ቤት የወጣች ሙሽራ የለችም። ያን እንደ መለከት አፉ የሰፋ ሰሃናይ ከንፈሩ ላይ ሲያሳርፈው ሙሽራዋ ቀርቶ ጎረቤት ያለች ባልቴት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ከደጅ ነው። ዳማይ ነዋ! ልብስ ሰፍቶ፣ ሠርግ ላይ ነፍቶ የሚያድር ወገን። እሱ የሰፋውን ቀሚስ እንኳ እንዲነጻ ወርቅ የነካ ውሃ ሳይረጩበት አይለብሱትም። ሙያውን ይወዱታል፣ እጁን ይጸየፉታል። ምን ይባላል እንግዲህ!

ከደጆቹ ሁሉ የሚናፍቀው የባለርስቶቹ ልጅ የኬሸርን ደጅ ነበር። ልጆች ሳሉ አንድ ሰሞን ሁለቱንም ንዳድ ጣላቸው። አዋቂው «ሚት ካላደረጋችኋቸው አይተርፉም» አለ። ሚት የቃል ወንድም ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው በቦታው ይቆማል። ባለርስቶቹ እያጉረመረሙ ልጃቸውን ከዳማይ ልጅ ጋር ቃል አስገቡ። ቃሉ ጸና፤ ደጃፉ ግን አልተከፈተም። የኬሸር እናት የተቆላ በቆሎ ስትሰጠው ከላይ ትለቅለታለች፣ እሱ ከታች መዳፉን ይዘረጋል።

ጫካ ሲገቡስ ማን ያያቸዋል? ዘይቱና ገምጠው ይካፈላሉ፤ ሰሃናዩን ምራቁ ሳይደርቅ ይቀባበላሉ። ኬሸር ሲነፋ ፍየል የታነቀች ይመስል ነበር።

«ሚቴ፣ ተው በናትህ፣ ነብር ትጠራብናለህ!»

«አንተ ሙሽራ ስታስለቅስ እኔ ነብር ባስለቅስ ምናለበት?»

አይ ያ ጊዜ! ያን ሳቅ ሲያስብ እስከ ዛሬ ሆዱ ይባባል።

ኬሸር አምና ክረምት ሞተ። ዘንድሮ የልጅ ልጁ አስሚታ ተዳረች። የመሄጃዋ ሰዓት ሲደርስ ዘመዶቿ በየተራ ሩዝ፣ እርጎና ቀይ ዱቄት ለውሰው ግንባሯ ላይ ቲካ፣ የምርቃቱን ምልክት፣ ለጠፉላት። እሷ ግን አልነሳም አለች።

«የአያቴ ይቀራል። እሱ ባይኖር ሚቱ ደጅ ቆሟል፤ ይግባልኝ።»

የኬሸር ታናሽ ወንድም ሎክ ናት ደሙ ፈላ። «አብደሻል ልጄ? ዳማይ ቤታችን? አንተ ሽማግሌ፣ እዚያው ንፋ!»

«እንግዲያው ሙሽራው ብቻውን ይሂድ!»

ሰንተ ቢር ወደ ደጃፉ ቀና አለ። በኬሸር ቦታ መቆም ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ነው። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከደጃፍ ቢመልሱትስ? ከዚያ ሞቱን ይመርጣል።

«ተይው ልጄ፣ ከዚሁ እነፋልሻለሁ» አለ።

ይሄኔ የኬሸር ሚስት ጁና ከቤት ወጥታ እጁን ያዘችው። «ይግቡ ሚታችን። ቃል የገባው ባሌ ነው፣ ሎክ ናት አይደለም።»

እንደያዘችው አስገባችው። ወርቅ የነካ ውሃም አምጡ አላለችም።

ቲካውን ሲለጥፍላት ግማሹ ሩዝ አፍንጫዋ ላይ ተበተነ። አስሚታ «ሚት አያቴ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰሃናዩ ደጅ፣ ከአጃቢዎቹ ከበሮ አጠገብ ቀርቷል።

ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አንዱ ከግቢው ጮኸ፦ «ኧረ ሰሃናዩ የታለ? ሙሽራ እንዲህ በዝምታ ትወጣለች እንዴ?»

ጁና በበሩ ብቅ አለች።

«ዛሬ ነፊ የለንም። ያሉት የሙሽራዋ አያት ናቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነው።»