«እጄ ነው የማይሰማው» ያሉኝ ሰው

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከአማቴ ጋር መኳረፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውኛል። ይህን ግን በየዓመቱ ምላሴ ሥር ሸሽጌ ተመልሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። ስሙኝና ተጸየፉኝ፤ እኔ ራሴን ከተጸየፍኩ ቆይቻለሁ።

ነርስ ነኝ። ያኔም ዛሬም ቆሰበር አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ተመላላሽ ክፍል ነው የምሠራው። ያኔ ገበሬው ሁሉ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያከስልበት ጊዜ ነው። በየቀኑ የተቃጠለ እጅና ጭስ ያቀላው ዐይን ይመጣልኛል። ሰልችቶኝ ነበር።

አያ ታደለ ከጥርባ በኩል የመጡ ከሰል አክሳይ ናቸው። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛም ይችላሉ። ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ምልክት አሳዩኝ። ጣታቸውም ተቃጥሎ ቆስሏል፤ ሽታው አፍንጫዬን ቢመታኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። «ያምዎታል?» አልኳቸው። «አይሰማኝም» አሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮኼ ደገምኩት። ደንገጥ ብለው፣ «ኧረ ልጄ፣ ጆሮዬስ ደህና ነው። እጄ ነው የማይሰማው» አሉኝ።

በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «እጅ ደግሞ ጆሮ አወጣ እንዴ!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም። በአማርኛቸው ነበር ያሾፍኩት፤ አማርኛቸው ግን ምን ጎደለው? የማያሳክክ ነጭ ምልክት፣ የማይሰማ ቆዳ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው የተቃጠለ ጣት፤ ሰውዬው ከዚህ በላይ ምን ይበሉኝ? ዐይናቸውን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ ነካ ባደርጋቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ቋቁቻ ነው አልኩ። ቅባት ጽፌ ሸኘኋቸው። ተመልሰው መጥተው ያንኑ ነገሩኝ፤ እኔም ያንኑ ቅባት ሰጠኋቸው።

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ገና ነው።

ከወራት በኋላ ዳንግላ ለሥልጠና ሄድኩ። አሠልጣኙ ስለ ሥጋ ደዌ ሲያስተምር የአንድ ሰው ክንድ በፎቶ አሳየን። ክው አልኩ። የአያ ታደለ ክንድ ነው የመሰለኝ። ነጣ ብሎ የማይሰማ ቆዳ ካያችሁ ይህን በሽታ ጠርጥሩ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በኪኒን ይድናል፤ ነርቩ ከተጎዳና ከቆየ ግን የታጠፈ ጣት አይቃናም አለን። እኔ ምን አደረግሁ? ለሻይ ዕረፍት ወጥቼ ሳምቡሳ በላሁ። ጥርባ ሩቅ ነው? በባጃጅ ይደረሳል። የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁጥርም ስልኬ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም። «ሁለት ጊዜ አይታቸው አሳለፈቻቸው» መባልን ፈራሁ። ለስሜ ብዬ የሰው እጅ አስበላሁ። ቱ!

በዓመቱ መጡ። ሁለት ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ቀርተዋል። ያያቸው አዲስ የተመደበልን ጤና መኮንን ነበር፤ ወዲያው ገባው። አስጠራኝና እሳቸው ፊት ጠየቀኝ፦ «እጃቸው እንደማይሰማቸው ነግረውሽ ነበር?»

አያ ታደለ ቀና ብለው አዩኝ። እንድመሰክርላቸው ነበር የጠበቁት።

«ኧረ አልነገሩኝም» አልኩ።

አልተከራከሩም። «እንግዲህ ሳልነግራት ቀርቼ ይሆናል» አሉ። ዋሾዋ እኔ፤ እሳቸው የተጠራጠሩት ግን ራሳቸውን።

ኪኒኑን ጨርሰው ከበሽታው ድነዋል። ጣታቸው ግን አልተቃናም፤ መጥረቢያ አይጨብጡም፣ ጆንያ አይቋጥሩም። ጤና ጣቢያ በመጡ ቁጥር በር ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲመክሩ እሰማለሁ፦ «በጊዜ ተናገሩ። እኔ ለዚች ልጅ ሳልነግራት ቀርቼ ነው እንዲህ የሆንኩት፤ እሷ ምን ታድርግ?» ሰው ከንፈሩን ይመጥጥላቸዋል። እኔ ካርድ የምጽፍ መስዬ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተነሥቼ «ኧረ ነግረውኛል» አላልኩም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም። እግዜር ይቅር ይበለኝም አልልም፤ እሱ እንደነገሩኝ ያውቃል። የማያውቁት አያ ታደለ ናቸው።