የሐጂ ኮት እጅጌ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ታላቅ ወንድሜ አሰላ ውስጥ ስሙ የተጠራ ልብስ ሰፊ ነበር። አእምሮውን ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስምንት ወር ተኝቶ ሲመለስ ያስጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ጨርቁን አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ይኖራል ወይ የሚል።

የሰፈራችን እድር «ሥራ ፈቶ እንዳይቆዝም» ብሎ ተመካከረ፤ በማግስቱ ቤታችን በአሮጌ ሱሪ ተጥለቀለቀ። እንዳይደክመው በማሰብ የሚጣፍ ብቻ ነው ያመጡለት። አንዷ ጎረቤታችንማ የሚጣፍ ብታጣ የባሏን ደህና ሱሪ ጉልበቱ ላይ በምላጭ ቀድዳ አመጣች፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ስለነበር ታወቀባት። ወንድሜ ፊቱን አጨፍግጎ ጣፈላት። ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ቡትቶ ጣፊ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የእድሩ ዳኛ፣ ገብስ ነጋዴው ሐጂ፣ ግራጫ ሱፍ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ለልጄ ሰርግ የምለብሰው ኮት ስፋልኝ» አሉት። ወንድሜ ሲለካቸው ከመድኃኒቱ የተነሣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐጂ ያላዩ መስለው ስለ በቆጂ ብርድ ያወራሉ።

ኮቱ ያለቀ ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። ሐጂ ለበሱት። የቀኙ እጅጌ ሁለት ጣት አጥሯል! እኛ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል መድኃኒት የሌለው በሽታ አለብን።

«አቦ፣ ባዬ ባሬዳ! እንዴት ያምራል!» አሉ ሐጂ፣ ክንዳቸውን ሰብሰብ አድርገው። ሌላውም ተቀባበለ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«በጣም ያምራል» አልኩ።

«ያውልቁት ሐጂ!» ብሎ ጮኸ። በሽታው ተነሣበት ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ኮቱን ተቀብሎ እጅጌውን መተርተር ጀመረ።

«አመመኝ እንጂ አልታወርኩም» አለ። «ያኔ አበድክ ለማለት ማንም አላፈረም፤ ዛሬ እጅጌው አጠረ ማለት አቃታችሁ?»

አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐጂ አጠገቡ ተቀመጡ።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ አጥሯል» አሉት። ትንሽ አሰቡና፣ «ትከሻው ላይም ይይዘኛል» ብለው ጨመሩ።

«የቱ ጋ?» አለ ወንድሜ ጠመኔውን እያነሣ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።