እናቴን ጀልባ ያስመረጥኩ ቀን

ባለቤቴ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ ጀልባ ያያል። ሌላው ሾፌር ፖለቲካ ይከታተላል፣ የእኔው ሰውዬ ጀልባ። ያውም በሸራ የሚሄደውን፣ ያውም የድሮውን ዓይነት። ሸራው አራት ማዕዘን ነው፤ የላይኛውን ጠርዝ ጋፍ የሚሉት ዘንግ ይይዘዋል። «ማለቴ፣ ምሰሶዋ አጭር ስለሆነ ብዙ አታጋድልም። ለፋሚሊ ሴፍ ናት» ይለኛል ማታ ቤት እራት እየጎረሰ። ሳክሲ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ብዙ ሳይርቅ ትልቅ ሐይቅ አለ። ልጆቹ ጀልባው ሳይገዛ የጀልባ ኮፍያ አስገዝተውኛል።

እኔ ዋና አልችልም። ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ልቤ ይከዳኛል። ይህን በአሥራ አራት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ተንፍሼ አላውቅም። ደም አይታ የማትደነግጥ ነርስ ነኝ፤ ቤት ውስጥ አይጥም እባብም ቢገባ የምጠራው እኔ ነኝ፤ እንዴት ብዬ ውሃ ፈራሁ ልበል? እምቢ ብል ልጆቼን ይዞ ያለ እኔ ሊገባ ነው። እሺ ብል አብሬ ልገባ ነው። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ።

እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ባለቤቴ የእሷን ቃል አይመልስም፤ «ይህ መጋረጃ አስጠላኝ» ካለች በማግስቱ ሌላ ይሰቅላል። እሷ ደግሞ እንኳን ጀልባ፣ አሳንሰር ስትገባ ታማትባለች። «ያለ ትልቅ ሰው ምርቃት ጀልባ አይገዛም፤ እማዬ አይታ ትምረጥ» አልኩት። ደስ አለው፣ ምስኪን።

ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁለት ጀልባ ጠበቀን፤ አንዱ ረጅም ምሰሶ ያለው ነጭ ፕላስቲክ፣ ሌላዋ ባለ ጋፏ የእንጨት ጀልባ።

«እማማ፣ እርስዎ ይምረጡልን» አላት ባለቤቴ።

የነጩን ምሰሶ አንጋጣ አየችና «ይሄስ ይቅር» አለች። በሆዴ እልል አልኩ። ሻጩ ሽማግሌ የእንጨቷን ሸራ ሁለት ገመድ ስቦ ከነዘንጉ ሰቀለ፣ ከዚያም ገመዱን ለቀቅ ሲያደርገው ወዲያው ወረደ። እናቴ አስደገመችው። ቀጥላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አማትባ፣ የባለቤቴን እጅ ይዛ ገባች። ጓዳዋን ከፈተች፣ ምድጃዋን ነካካች፣ መቀመጫው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ግዛት ልጄ፣ ይባርክልህ» አለችው።

«እማዬ! አንቺ ደግሞ!» ጮኽኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። እነሱ ጀልባው ላይ ናቸው፤ እኔ ገና ሣሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እኔን ያመጣሽኝ እንድከለክልልሽ ነው» አለች። «ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሃ ትፈሪያለሽ። ለባልሽ ራስሽ ንገሪው።»

ፊቴ ጋለ። ተንኮሌ በልጆቼ ፊት ተዘርግፏል። «ዋና አልችልም» አልኩት። «በጣም ነው የምፈራው።» እንባዬም መጣ፤ ከንዴትም ነው፣ ከእፍረትም።

ባለቤቴ የሸራውን ገመድ ጨበጥ አደረገ።

«ኦኬ» አለ። «ሶ… እኔም አልችልም።»

«ምን? ታዲያ ልጆቹ ቢወድቁ ማን ሊያወጣቸው ነበር?»

«አንቺ ነሻ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ እኮ ምንም አትፈሪም።»