ሳልጠይቅ ያመጣሁት ዲቪዲ

ዛሬ አንድ የኔታ እግሬን አጥበው ሲያበቁ ይቅርታ ጠየቁኝ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

ወረታ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቁሐር የሚያስተምሩት የኔታ ለሰንበት ተማሪዎቻቸው አሮጌ ኮምፒውተር ተሰጥቷቸው፣ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሲስተም ልጭንላቸው ቃል ገባሁ። በስልክ "ጭነን እናምጣት?" ቢሉኝ፣ "አይድከሙ የኔታ፣ እኔ እመጣለሁ" አልኩ።

ክረምት ነው፤ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶበታል። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አውርዶኝ በሩዝ ማሳው መሃል በእግሬ ገባሁ። ሊኑክሱን የገለበጥኩበትን ዲስክ በፌስታል ጠቅልዬው ስለነበር አልረጠበም። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

ስደርስ የኔታ፣ እምቢ ብላቸውም፣ ዝቅ ብለው እግሬን አጠቡኝ።

ከዚያ ዲስኩን ከተትኩ። ኮምፒውተሯ ትንሽ አጉረመረመችና ተፋችው። ለካ የምታነበው ሲዲ ብቻ ነው። ከፍላሽ ላይም አስነስቼ ልጭንባት አይቻልም። እኔ ደግሞ አዲሱና ትልቁ ይሻላል ብዬ አራት ጊጋ የሚሆነውን ሊኑክስ በዲቪዲ ገልብጬ መጥቻለሁ። ሲዲ ላይ የሚበቃ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ቀላል ሊኑክስ ሞልቶ ሳለ። በስልክ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

"ምን ሆነች?" አሉ የኔታ።

"አርጅታለች" አልኩ።

"በአሮጌ ዕቃ አደከምንህ ልጄ፤ ይቅር በለን።"

ዲስኩን መልሼ በፌስታሉ ጠቀለልኩት። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ነገ ሲዲውን ይዤ እመለሳለሁ። እግሬን እንደገና ሳያጥቡኝ በፊት እውነቱን መናገር አለብኝ።

እናንተስ፣ በገዛ ጥፋታችሁ ሌላ ሰው ይቅርታ ጠይቋችሁ ያውቃል? እውነቱን ለመናገር ምን ብላችሁ ጀመራችሁ?