ቀዩ አሥራ አምስት ሲደርስ

ያን ቀን ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ አኩርፎ ነበር፤ አይዘንብ፣ አይገለጥ። ሹራብ ሠሪዋ እንደ ልማዷ ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውን የካሴት ማጫወቻ ቁልፍ ተጫነችና ሲጢጥታው እስኪያልቅ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

አሮጌው ኮምፒውተር የሟች ባሏ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ የሹራብ ጥለት መሣል ያስተማራት እሱ ነበር። ካሴቱ ላይ ያለችውም ፕሮግራም የእሱ ሥራ ናት፦ የስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከዜሮ እስከ አሥራ አምስት ከፍ ዝቅ የምታደርግ። ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ ሴትየዋ በየማለዳው ቀዩ ከጥቁሩ ተለይቶ እስኪታያት ቁጥሩን ትጨምርና ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ስድስት ይበቃ ነበር። ያን ቀን አሥራ አምስት ጻፈች። ከዚያ በላይ ቁጥር የለም።

ታናሽ እህቷ የበሩን መጋረጃ ገልጣ ገባችና የስክሪኑ ቅላት ወግቷት ዓይኗን በመዳፏ ጋረደች።

«እትዬ! ምን ጉድ ነው? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ቴሌቪዥኑ ነዋ። እንደ እኔው አርጅቷል።»

«አንቺስ ቢያንስ እንዲህ አትጮኺም!»

ሁለቱም ሳቁ። እህትየው እየሳቀች ወንበሩ ላይ የተጣለውን ያለቀ ሹራብ አነሳች። ትምህርት ቤት ያዘዘው ነው፤ ዳር እስከ ዳር ቀይ መሆን ነበረበት።

«ይሄ እጅጌ ለምን ጥቁር ሆነ?»

«የቱ እጅጌ?»

 እህትየው ሹራቡን ቀስ ብላ አስቀምጣ ደብተሩን ገለጠች። ስድስት። ስምንት። አሥራ አንድ። አሥራ ሦስት። አረንጓዴውና ሰማያዊው ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አላሉም። ቀዩ ብቻ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ አንድ እያለ ወጥቷል።

ከማሽኑ ፊት ተቀመጠችና ቀዩን ወደ ስድስት መለሰችው። ስክሪኑ ላይ በጥቁር መደብ የተሣሉ ቀያይ አበቦች ነበሩ።

«አበቦቹን ለምን አጠፋሽብኝ?» አለች ሹራብ ሠሪዋ። «ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩበት ነው እኮ።»

«አላጠፋሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

«አሉ። ቁጭ ብለው ይታዩኛል።»

ሹራብ ሠሪዋ ተነስታ መስታወቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ዞር ብላ ቀይና ጥቁር ሁለት የክር ድውሮች ከቅርጫቱ አወጣችና ለእህቷ ዘረጋችላት።

«የትኛው ነው ቀዩ?»

«የግራ እጅሽ።»

በመስኮቱ ብርሃን ደጋግማ አየቻቸው፤ የግራ እጇንም የቀኝ እጇንም። ከዚያ መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተቻቸው።

እህቷ ዓይኗን እንድትታይ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ከቀዩ ቀጥሎ ከዓይኗ የሚሄደው አረንጓዴው ይሁን ሰማያዊው ሹራብ ሠሪዋ ስትጠይቀው ሐኪሙ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

አሁን እህቷ ቤት፣ ጓሮውን በሚያየው ክፍል ትኖራለች። ነጭ ሹራብ ብቻ ትሠራለች።