የወንድሜ ዱባ ቋንጣ

ዱባውን የዘራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ደሴ ዙሪያ፣ ከቤታችን ጓሮ እስከ አጥሩ ድረስ። ፍሬው ሳይደርስ ታሞ ሞተ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። አልችልበትም።

ስለ ዱባው ግን እችላለሁ። አናዶኛል።

ከለቅሶው በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች በደቦ መጥተው ለቀሙልን። አላህ ይስጣቸው። ግን እየጠመዘዙ ነቀሉት። ወንድሜ በቢላዋ ነበር የሚቆርጠው፣ አናቱ ላይ አጭር አገዳ አስቀርቶ። ያ አገዳ ከሌለ ዱባ አይከርምም፤ ከተነቀለበት ቦታ ጀምሮ ይበሰብሳል። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በእረፍት ቀኔ ስመጣ ጎተራው ሥር የዱባ ክምር አየሁ። አንዱም አገዳ የለውም።

«እንሽጠው» አልኩ።

«አይሸጥም» አለች እናቴ። «ረመዳን ሳይገባ ሰደቃ አወጣለታለሁ። ሰው የሚበላው እሱ በእጁ ያበቀለውን ነው።»

«እማ፣ እስከዚያ አይቆይም እኮ።»

«መላ ፈልጋ። ተምረህ የለ?»

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ዱባ የነገረኝ አስተማሪ የለም።

አክስቴ ናት ሐሳብ ያመጣችው። ስስ አድርጎ መዘልዘል፣ ከዚያ እንደ ሥጋ ቋንጣ በገመድ መስቀል። ልጣጩ እንደ እንጨት ነው። ቢላዋው ገብቶ ይቀራል፤ ለማውጣት ስታገል እጄ ተላጠ። ገመዱን ከሩቅ ያየ ጎረቤት መጣ።

«በሬ አርዳችሁ ዝም?» አለ። ቀርቦ ሲያይ ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠው።

ከዚያ ጭጋጉ ወረደና አልለቅ አለ። ቋንጣው ሻገተ።

«አብሽር» አለች አክስቴ፣ «ነገ ፀሐይ ይወጣል።»

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አብሽር ያላለኝ ሰው የለም። ለሞቱም አብሽር፣ ለሻጋታውም አብሽር።

የሻገተውን ለላም ሰጠን። ኮምቦልቻ ግን ሙቀት ነው። ሌላ ዱባ ዘልዝዬ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁና ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

«ምንድን ነው የሚያንጠባጥበው?» አለ ረዳቱ።

«ዱባ።»

«ኮምቦልቻ ዱባ ጠፋ?»

ከረጢቱን ወደ እግሬ ሳብኩት። የተከራየሁበት ግቢ ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ አሰጣሁት። አከራዬ ከታች ቆመው አዩኝ።

«ጣሪያዬ ላይ ምን ልትከፍት ነው?»

«ዱባ ነው እትዬ። ለወንድሜ ሰደቃ። እርስዎን ሳላስፈቅድ...»

ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አገላብጠውት አገኘሁ።

«ወፍ ሳባርር ዋልኩ» አሉኝ። «ወላሂ፣ እኔንም ፋብሪካ ቅጠረኝ።»

በየእረፍት ቀኔ ይኸው ሆነ። እርጥቡን ይዤ እወርዳለሁ፣ ደረቁን ይዤ እወጣለሁ። ልብሴ ዱባ ዱባ ይሸታል። እናቴ የደረቀውን በጆንያ ታስቀምጣለች፤ ከክምሩ ግን አንድ ፍሬ ለሰው አትሰጥም። ከሥር ያለው መበስበስ ጀምሯል። ብነግራትም አትሰማኝም።

አንድ ቀን ከደረቀው እፍኝ አንሥታ ዘፈዘፈችና ወጥ ሠራችው። አንዱን ቁራጭ ረጅም ጊዜ አኘከች።

«ትንሽ ጠንክሯል» አለች። «ጣዕሙ ግን የእሱ ነው።»

ዱባ ሁሉ ጣዕሙ ያው ነው ልላት ነበር። ተውኩት።

«ለሰደቃው ይበቃል?»

«ይበቃል፣ እማ። ይተርፋል።»

ጆንያውን ከፍታ እጇን እስከ ክንዷ አስገባች። ፈተሸችው።

«እንግዲያው ከክምሩ ደኅና ደኅናውን መርጠህ ለጎረቤት አድርስ። ሳይበላሽ ይብሉት።»

ይህን ስለምናት ነው የከረምኩት። ደኅናዎቹን ለየሁ። አንድ ዱባ ተሸክሜ ወጣሁ። የጎረቤታችን ደጃፍ ላይም ዱባ ተቆልሏል። ሴትዮዋ ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«አላህ ይቀበልለት» አሉ።

«አሚን» አልኩ። ሁለተኛውን ላመጣ ተመለስኩ።