ኳኳታውና እንግዳዋ

ልብስ ሰፊዋ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም ነበር። "ባለቤቴ እያለ እኔ ምን በወጣኝ?" ትላለች። ባለቤቷ አሮጌዋን ነጭ መኪና ይነዳል፣ ያጥባል፣ ዘይት ይቀይራል፣ ኮፈኗን ከፍቶ እንደ ሰው ያዋራታል። እሷ ደግሞ ጎኑ ተቀምጣ የደንበኞቿን ወሬ ታወራለታለች። በዚህ ዓይነት ተቻችለው ሲኖሩ፣ የሰውዬው ዓይን እየደከመ መጣ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም" ያለው ቀን ቁልፉን በእጁ እንደጨበጠ ቤት ደረሰ። ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ለወንድሜ ልጅ እንሽጣት" አለ።

"ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለች ሚስት።

ይህን ያለችው በንዴት ነው። ቢሆንም ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስምና ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጣ። መንዳቱስ እንደምንም በሁለተኛው ሳምንት እጅ ሰጣት። ያስቸገራት መኪናዋን መንከባከቡ ነው። ባሏን በጠየቀችው ቁጥር ያስረዳታል፤ ከዚያ ግን "ድሮ እኔ ሳያት..." ብሎ ይተክዛል። እሱን ላለማስተከዝ ስትል ሌላ አስተማሪ ፈለገች። ዚፕ ልታስቀይር የመጣች አንዲት ደንበኛ፣ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች የሚጠያየቁበት የስልክ ግሩፕ መኖሩን ነገረቻትና እዚያው ልብስ መስፊያው ላይ አስገባቻት። "ክርና መርፌ" የሚል ስም አወጣችላት።

ከስሙ ጎን ታዲያ ግሩፑ የራሱን ቃል ለጠፈባት፤ "እንግዳ" የሚል። እንግዳ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። ቃሉ ደግሞ ዓመት ቢቆጥሩ አይነሳም። የሚነሳው የጠየቀ ሰው ተመልሶ ችግሩ በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደተገኘ ሲጽፍ ነው፤ መቋጫ ይሉታል። ብዙው ሰው መኪናው ሲሻለው ድምፁን ያጠፋልና፣ በግሩፑ ውስጥ ከገቡ ዘመን ያስቆጠሩ እንግዶች ሞልተዋል። መቋጫውን አይቶ ቃሉን የሚያነሳው አባ ቡሎን የተባለ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ሰውዬውን በአካል ያየው የለም፤ ሁሉም ግን ይፈራዋል።

ልብስ ሰፊዋ በየማታው የግሩፑን ወሬ ለባሏ ጮክ ብላ ታነብለታለች። እሱም ደስ ሲለው "እሺ እንግዳዬ፣ ዛሬ ምን አሉ?" ይላታል። ለቀልድ ነው። እሷን ግን ቆጠቆጣት። "እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" ብላ ቁልፍ ከተረከበች በኋላ እንግዳ መባል! ያችን ቃል ከስሟ ላይ ሳታስነሳ እንቅልፍ ላይወስዳት ሆነ።

አንድ ቀን ከጨርቅ ገበያ ሲመለሱ ጎማ ተነፈሰ። ባሏ ቡሎኖቹን በመዳፉ ይዞ ቆመላት፤ እሷ መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ ፈታ፣ ቀየረች። እጇ ጥቁር እንደሆነ ፎቶ ተነስታ ለግሩፑ ላከች። "ጎበዝ እህታችን!" "ወንዶቹን አሳፈርሽን!" የማይላት አልነበረም። ይህ የልብ ልብ ሰጣት። እንግዳነቷ ግን አልተነካም፤ ፎቶ መቋጫ አይሆንም።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ መንኳኳት ጀመረች። መንገዱ ሲጎረብጥ ከወደ ኋላ "ኳ! ኳኳ!" ይላል። ባሏ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና ፈረደ።

"ሾክ አብዞርበር ነው። ዝላይ የሚያበርደው ደክሟል።"

"ግሩፑን ልጠይቅ?"

"ጠይቂ። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።"

ጠየቀች። መቼም የሰው አፍ ነጻ ነው፤ አንዱ ጎማውን፣ አንዱ ጭስ ማውጫውን፣ አንዱ ጭራሽ ሞተሩን ከሰሰ። አባ ቡሎን ብቻ "ድምፁን ሳልሰማ አልፈርድም፤ ከየጎማው አጠገብ ቅጂልኝ" አለ። ስልክ ከጎማ አጠገብ እንዴት ይቀመጣል? ልብስ ሰፊ ናትና ችግር አልሆነባትም፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ረጃጅም ማሰሪያ ያለው ከረጢት ሰፋች። ስልኳን በከረጢቱ አድርጋ በተራ በተራ ከየጎማው በላይ እያሰረች ሰፈሩን ዞረች። ጎረቤቶቿ መኪናዋን በጨርቅ ስትጠቀልል አይተው "ምን ነካት?" ሳይሉ አልቀሩም። አባ ቡሎን ቀኑን ሙሉ ያንን ኳኳታ ሲሰማ ዋለና፣ "ከኋላ ነው፤ ግን የላላ ብረት ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ሾኩን ለመቀየር አትቸኩሉ" ብሎ ጻፈ።

"በስልክ ምኑን ይሰማል!" አለ ባል። "ይቀየር ብያለሁ፣ ይቀየር።"

ጋራዥ ሄደው ሁለቱንም የኋላ ሾኮች አስቀየሩ። ከጋራዡ ወጥተው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ፣ "ኳ!"

"አዲስ ስለሆነ ነው" አለ ባል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "እስኪላመድ ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻዋን ጥቅል ጨርቅ ልታመጣ ሄደች። የኋላውን ዕቃ መጫኛ እስኪጠብ ሞልታ ስትመለስ፣ በዚያ በጎርባጣ መንገድ መኪናዋ ጭጭ አለች። ቤት ደርሳ ጨርቁን አራግፋ፣ መኪናዋን ጥላ ሥር ልታቆም ስታንቀሳቅሳት ግን "ኳ!" ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ጨርቁ ምኑን ተጭኖት ነበር? የመጫኛውን ምንጣፍ ገልጣ እጇን ከትርፉ ጎማ ጎን ብትሰድ፣ ክሪኩ ማሰሪያው ተፈትቶ እንደ ልቡ ይንከባለላል። ጎማ የቀየረች ቀን፣ ፎቶ ለመነሳት ቸኩላ፣ ሳታስረው የከደነችው ራሷ ናት።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" አለች ለብቻዋ፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

በማግስቱ ባሏን ይዛ ስትወጣ ኳኳታ የለም። አንድ ጉድጓድ አለፉ፣ ሁለት አለፉ፣ የሰውዬው ፊት በራ።

"ሰማሽ?" አለ። "አላልኩሽም? ተላመደ! ይሄ ጆሮ እኮ ነው!"

ሐኪም ቤት ከሄዱ ወዲህ እንዲህ ሲደሰት አይታው አታውቅም። ጉልበቱን እየመታ እስከ ቤት ድረስ ስለ ጆሮው አወራ። እሷም መሪውን ይዛ የክሪኩን ነገር ሳታነሳ ቤት ደረሰች። ማታ ደግሞ አባ ቡሎን፣ "ክርና መርፌ፣ መቋጫው የታለ?" ብሎ ጻፈባት። "ሾክ ነበር" ብላ ብትጽፍ እንግዳነቷ ይነሳል፣ ባሏም ባለ ጆሮ ሆኖ ይኖራል፤ ማን ያውቅባታል? ነገር ግን ነገ አንዱ ኳኳታ የሰማ ይህንኑ አንብቦ ደህናውን ሾክ ያስነቅላል። ያ ሽማግሌም ሙሉ ቀኑን የጨረሰው ለውሸት ይሆናል። እውነቱን ከጻፈች ደግሞ ለባሏ የምታነብለት እሷው ናት። ያን ዕለት ስልኩን አልከፈተችም፤ "ራሴን አሞኛል" ብላ አለፈችው።

ጠዋት ባሏን እጁን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችው። ምንጣፉን ገልጣ መዳፉን ክሪኩ ላይ አኖረችለት።

"ይሄ ክሪክ ነው" አለ።

"ክሪክ ነው።"

ጣቶቹ ማሰሪያውን ዳሰሱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። "አስረሽዋል።"

"ከትናንት ወዲያ ነው ያሰርኩት። ጎማ የቀየርኩ ቀን ረስቼው ነበር። ሲያንኳኳ የከረመው እሱ ነው።"

ሰውዬው ፊቱን አዞረ። ያን ስታይ "ምነው ምላሴን በቆረጠው" አለች በሆዷ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

"እኔ ነኝ ያለው ባለ ጆሮ" አለ ሳቁ እያቋረጠው፣ "ደህናውን ሾክ አስነቅዬ!" ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። "ትናንትና ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበር።"

ይህን ሲሰማ ሳቁን ተወ። እጇን ፈልጎ ያዘ። "ጻፊው" አላት። "የእኔንም አትተዪ።"

"ይስቁብናል እኮ።"

"ይሳቁ። ሳቅ ጎማ አያስተነፍስም።"

ሁሉንም ጻፈች፤ ክሪኩን፣ ፎቶውን፣ ሾኩን፣ ጨርቁን። "ኳኳታ የሰማችሁ፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት የኋላውን አራግፉና ንዱ" ብላ ጨረሰች። ግሩፑ ሳቀ፤ ለጉድ ሳቀ። አንዱ እሱም የሾፌሩን ወንበር ያስፈታው ከሥሩ ለተወሸቀ ጠርሙስ እንደነበር አመነ። አባ ቡሎን ግን ቀልድ አያውቅም። "ሁለታችሁም ደህና ሰዎች ናችሁ" ብሎ ብቻ ጻፈና ቃሉን አነሳው። ልብስ ሰፊዋ ስሟን ብቻውን ቆሞ ስታየው ደስ አላት። በዚህ ዕድሜዋ በስልክ ጉዳይ መፈንጠዟ ትንሽ አሳፈራት፤ ቢሆንም ደስ አላት።

እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠው እንደልማዷ ታነብለት ጀመር። አንድ አዲስ የገባ የትምህርት ቤት መምህር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "እትዬ ክርና መርፌ፣ የእርስዎን መቋጫ አንብቤ ነው። የእኔ መኪና ቁልፍ ስትዞር ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ትላለች፤ አትነሳም። ከየት ልጀምር?"

አንብባ ባሏ እስኪናገር ጠበቀች። እሱም መልሱን ያውቀው ነበር፤ ከንፈሩ ሲላወስ አይታዋለች።

"እህ?" አለችው።

"ማንን ነው የጠየቀው?"

"እኔን።"

"ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ?" አለ። እሷ የምትለውን ለመስማትም ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።